«ፓስወርዱ ልክ ነው ልጄ!»

ረቡዕ ጥቅምት 12፣ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ። ከፒያሳ በባጃጅ መጥቼ ገና ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ አንድ አንጋፋ የሒሳብ መምህር ቢሮው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ስልካቸውን እንደ ማስረጃ ከፍ አድርገው ይዘዋል።

«ፓስወርዱ ልክ ነው ልጄ! አራት ጊዜ ጻፍሁት። ድሮ ይሠራ ነበር። ያንተ አፕ ነው ያበላሸው።»

እውነቱን ልናገርና ከተናገሯቸው አራት ነገሮች የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን አላመንሁም። አራተኛው ደግሞ አናደደኝ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ግን አራቱም ልክ ሆነው ተገኙ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። የምሠራው እዚሁ ጎንደር አንድ ኮሌጅ ውስጥ ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ ጥፋቱም በአብዛኛው የኔው ነው። እስከ አምና ድረስ ዋይፋያችን ለሁሉም ሰው አንድ ፓስወርድ ነበረው። ፓስወርዱ በወጣ በሳምንቱ በሩ ላይ ያሉት ባጃጆች፣ ከአጥሩ ማዶ ያለችው ቡና ቤት፣ የተማሪ ጓደኛ፣ የጓደኛ ጓደኛ፣ ሁሉም ያውቀዋል። እንቀይረው ስንል ደግሞ መምህሩ ሁሉ ስልኩን ይዞ ወደኔ ይመጣል። ስለዚህ አምና እያንዳንዱ ሰው በራሱ ዩዘርኔምና ፓስወርድ ወደሚገባበት ዓይነት ተሻገርን። ኢንተርፕራይዝ የሚባለው ነው። ከጀርባው ያለው 802.1ኤክስ የሚባል ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ አለ፣ አዲስ ነገር አይደለም። ለኛ ነው አዲስ የሆነው።

አሠራሩን ለሰው ሳስረዳ ሁልጊዜ ግንቡን ነው የምጠራው። በፋሲል ግንብ አጥር ዙሪያ 12 በሮች አሉ፤ አክሰስ ፖይንቱ፣ ማለትም ዋይፋዩን የሚያሰራጨው መሣሪያ፣ ከነዚያ በአንዱ ላይ የቆመ በረኛ ነው በሉት። በረኛው ራሱ አይፈቅድም፣ አይከለክልም። መልእክት ብቻ ያመላልሳል። የሚወስነው ውስጥ የተቀመጠው እልፍኝ አስከልካይ ነው፣ እሱም ራዲየስ ሰርቨር ይባላል። እንግዳው ደግሞ ስልካችሁ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ እንግዳው ምስጢሩን ከመናገሩ በፊት እሱም ይጠይቃል። «አንተ በእርግጥ የንጉሡ ሰው ነህ? ማኅተም ያለው ደብዳቤህን አሳየኝ» ይላል። ደብዳቤው ሰርተፊኬቱ ነው። ስልኩ ደብዳቤውን ሲያይ ሦስት ነገር ያጣራል፤ ማን አተመው፣ በማን ስም ተጻፈ፣ ቀኑስ ደርሷል ወይስ አልፎበታል? ሦስቱ ካልተሟሉ ፓስወርዱን ትንፍሽ አይልም። ጥሎ ይሄዳል።

ይሄን ያዙልኝ።

አፑን ለምን ሠራሁት? ቀደም ብሎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ መመሪያ ነበር። «ፒኢኤፒ የሚባለውን የመግቢያ ዘዴ ምረጡ፣ ሰርተፊኬት የሚለው ላይ ‹አታረጋግጥ› የሚለውን ምረጡ፣ ስምና ፓስወርድ ጻፉ፣ አበቃ።» ቀላል ነው፣ ይሠራልም። ግን «አታረጋግጥ» ማለት ደብዳቤውን ሳታይ ለማንም ምስጢርህን ንገር ማለት ነው። አንድ ጉደኛ ተማሪ በላፕቶፑ የኛን ዋይፋይ ስም የያዘ የውሸት ኔትወርክ ቢከፍት የመምህሩ ስልክ ዝም ብሎ ይገናኘዋል። ፓስወርዱ እዚያ ላይ እንዳለ አይላክም፣ ኤምኤስቻፕ ቪ2 በሚባል ስሌት ተቀይሮ ነው የሚሄደው፤ ግን እሱም እ.ኤ.አ. በ2012 ሞክሲ ማርሊንስፓይክና ዴቪድ ኸልተን በአንድ ቀን ውስጥ ሊፈታ እንደሚችል ካሳዩ በኋላ ለብቻው የሚታመን ነገር አይደለም። ያንን «አታረጋግጥ» የሚለውን ምርጫ አንድሮይድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ከአንድሮይድ 11 ላይ ማንሳት ጀመረ። ስለዚህ አዲስ ስልክ የገዛ መምህር ሁሉ የግድግዳውን ወረቀት እያየ «ይሄ ምርጫ የታለ?» እያለ ይመጣ ነበር።

እኔም አፕ እሠራለሁ አልሁ። ሰው ስሙንና ፓስወርዱን ብቻ ይጽፋል፣ ሌላውን አፑ ይሞላል። ሁለት ሳምንት ይበቃል ብዬ አስቤ ነበር። ነሐሴን ሙሉ በላው።

የመጀመሪያው ጥፋት፣ ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን የቆየ ኮድ ገልብጬ አድ ኔትወርክ የሚባለውን ጥሪ መጠቀሜ ነው። ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ ለሱ የተዘጋጀ አፕ በዚህ መንገድ ኔትወርክ ልጨምር ሲል የሚመለስለት -1 ብቻ ነው። ምክንያት የለም፣ ማብራሪያ የለም፣ -1። ሦስት ቀን ከ-1 ጋር ስፋጠጥ ከረምሁ። ኋላ ሳነብ፣ አሁን አፕ ኔትወርክ አይጨምርም፣ ሐሳብ ያቀርባል። ሰጀሽን ይሉታል። ስልኩ ደግሞ ለባለቤቱ «ይሄ አፕ ዋይፋይ እየጠቆመ ነው፣ ትፈቅዳለህ?» የሚል መልእክት ያወጣል። እሺ ካለ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ የኛ ሰው ከላይ የሚመጣ መልእክት ሁሉ ማስታወቂያ ይመስለዋል፣ ገና ሳያነብ «አይ» ይላል። አንዴ አይ ካለ አፑ መቶ ጊዜ ቢጠቁም ስልኩ አይሰማም። የሚፈታው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ፣ ለአፖች ከሚሰጡት ልዩ ፈቃዶች መካከል የዋይፋይ ቁጥጥር የሚለውን እንደገና በመክፈት ነው። ከመጀመሪያዎቹ 30 ሞካሪዎች ሰባቱን እንዲሁ ነው ያዳንኋቸው።

ሁለተኛው ጥፋት የሰርተፊኬቱ ነው። አፑ ውስጥ መጨመር የነበረብኝ የአታሚውን፣ ማለትም ማኅተሙ የማን እንደሆነ የሚያሳየውን ሰርተፊኬት ነው፤ እኔ የሰርቨሩን የራሱን ጨመርሁ። አፑ ገና ሲከፈት ድርግም። እሱን አስተካከልሁ። ከዚያ የሰርቨሩን ስም አልጻፍሁም ነበርና አንድሮይድ 11 ያላቸው ስልኮች አንቀበልም አሉ፤ ከዚያ ወዲህ አታሚውም ስሙም ሁለቱም ካልተሞሉ ጥቆማው ተቀባይነት የለውም። ስሙን ስሞላ ደግሞ ሰርተፊኬቱ ላይ ራሴው ያሳተምሁት ስም በአንድ ፊደል ተሳስቶ አገኘሁት። ሳቁብኝ፣ ይገባኛል። መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ ማክሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ አዲስ ሰርተፊኬት አሳተምሁ፤ አታሚውም የራሳችን ስለሆነ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ያ ማክሰኞ አንድ የማይገባ ነገር ሆነ። ለአብዛኛው ሰው ወዲያው ሠራ። አምስት ሰዎች ግን አልሠራልንም አሉ። ፓስወርዳቸውን ቀየርሁላቸው፣ አፑን አጥፍተው እንዲጭኑ አደረግሁ፣ ምንም። በመጨረሻ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነሣሁት። ሠራ! ለአምስቱም። ለአለቃዬም «ሰርቨሩ ሪስታርት ፈልጎ ነበር» ብዬ በኩራት ነገርሁት። ይህችንም ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

በነገራችን ላይ ስለ ፓስወርድ። ፓስወርድ የሚሳሳት ሰው የለም እያልሁ አይደለም። የስልክ ኪቦርድ ቃል ሲያሟላላችሁ መጨረሻ ላይ ክፍት ቦታ ይጨምራል፣ ዩዘርኔሙ ከኋላው ባዶ ቦታ ይዞ ይሄዳል፣ ሰርቨሩ እንዲህ የሚባል ሰው አላውቅም ይላል። ዓይን አያየውም። አሁን አፑ ራሱ ይቆርጠዋል። የተማሪዎቹ ደግሞ ሌላ ነበር፤ የነሱ ፓስወርድ የተቀመጠበት አመሰጣጠር ከኤምኤስቻፕ ስሌት ጋር ጭራሽ አይገጥምም፣ ስለዚህ ለነሱ ቲቲኤልኤስ የሚባለውን መንገድ ተጠቀምሁ። እዚያ ፓስወርዱ ከስልኩ እስከ ሰርቨሩ በተዘረጋ የተመሰጠረ መስመር፣ ዋሻ በሉት፣ ውስጥ እንዳለ ነው የሚሄደው። እንግዲህ የዋሻው ማዶ ያለው ማን እንደሆነ ካላረጋገጣችሁ ጉድ ነው።

ወደ ጋሼ እንመለስ።

«ይቀመጡ ጋሼ» ብዬ ወንበር ሰጠኋቸው። ስልካቸው አንድሮይድ 10 ነው። ከአንድሮይድ 11 ወዲህ ባሉት ላይ አፑ ቢያንስ ስልኩን «ለምን አልተገናኘህም?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ የሚመልስለትም ከአራት አንዱን ነው፦ ከበረኛው ጋር አልተግባባንም፣ ማንነት ማረጋገጥ ላይ ቀረን፣ አድራሻ አልተሰጠኝም፣ ወይም አላውቅም። አራት መልስ። እሱም ሁለተኛዋ ውስጥ የተሳሳተ ፓስወርድ፣ የተዘጋ አካውንት፣ የማይታመን ሰርተፊኬት፣ ያልገጠመ ስም፣ ሁሉም ታጭቀው ነው ያሉት። የጋሼ ስልክ ግን እሷንም አይመልስም። ስክሪኑ ላይ ያለው ያው የምናውቀው «የማረጋገጥ ችግር» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው። ሰውም ሲያነበው «ፓስወርድህ ተሳስቷል» ብሎ ነው የሚተረጉመው። እኔ ራሴ እንደዚያ ነበር የምተረጉመው፤ የዚያን ቀን ጠዋት ጭምር።

ስለዚህ ባህሪዬን ታውቃላችሁ፣ ፓስወርዳቸውን ቀየርሁ። ቀላል አደረግሁት። ራሴ ጻፍሁት። አልገባም።

«አልነገርሁህም?» አሉኝ።

ያኔ ነው ሰርቨሩ ላይ ቁጭ ብሎ የማየትን ነገር ያሰብሁት፤ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን። ፍሪራዲየስ የሚባለውን የራዲየስ ሰርቨራችንን ፕሮግራም ዝርዝሩን ሁሉ እያወጣ እንዲሠራ አድርጌ ከፈትሁትና «አሁን ይሞክሩ» አልኋቸው። ጽሑፉ ይወርዳል ይወርዳል። ስማቸው ደረሰ። ሰርቨሩ ሰርተፊኬቱን ላከ። ከዚያ ስልኩ ሰርተፊኬቱን አልቀበልም ብሎ ዘጋው። በቃ። ፓስወርድ የሚባል ነገር ሰርቨሩ ጋ ጭራሽ አልደረሰም። አራት ጊዜ የጻፉት፣ እኔም የቀየርሁት፣ አንዱም ከስልኳ አልወጣም! ለአንድ ሰዓት ያህል ማንም ያልጠየቀውን ነገር ስናስተካክል ነበር።

ይሄኔ ጥያቄው ተለወጠ። ፓስወርዱ ልክ ነው ወይ ሳይሆን እስከየት ደርሶ ቀረ ሆነ። እውነት ለመናገር ከዚህ ሁሉ ወር ጣጣ የተማርሁት እሱን ነው፤ አሁን ማንም ሲመጣ መጀመሪያ ሰርቨሩ ላይ ስሙ ደርሷል ወይ ብዬ አያለሁ። ካልደረሰ ነገሩ በረኛው ጋ ነው፣ ወይ «አይ» የተባለው መልእክት ነው። ደርሶ ሰርተፊኬቱ ላይ ከተቋረጠ ስልኩ ነው የማያምነን። ፓስወርድን የማነሣው እነዚህን ሁለቱን ካለፈ ብቻ ነው።

ስልካቸውን በኬብል ከላፕቶፔ ጋር አገናኘሁና የውስጥ ሎጉን፣ ማለትም የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን፣ አየሁ። ስህተት 9። ይቺን ቁጥር በቃሌ አላውቃትም ነበር፣ 10 እና 20ን ነው የማውቀው፤ 10 ቀኑ ያለፈበት፣ 20 አታሚውን ያጣሁት ማለት ናቸው። 9 ምን ነበረች? አየሁ። «ሰርተፊኬቱ ገና ጊዜው አልደረሰም።»

ገና አልደረሰም? መስከረም ላይ የታተመ?

ዓይኔን ወደ ስልኩ ስክሪን መለስሁ። ፌብሩዋሪ 12፣ 2018 ይላል። ሰዓቱ 4:05።

«ጋሼ፣ ይሄ ቀን ምንድነው?»

«የዛሬ ነዋ! ጥቅምት 12፣ 2018። ጥቅምት ሁለተኛ ወር አይደል? ሰዓቱም 4 ሰዓት ከአምስት ነው። ምን ሆነ?»

ዝም አልሁ። ምን ይባላል? እሳቸው ልክ ናቸው። ጎንደር ቁጭ ብለው በጎንደር ቀንና ሰዓት ነው የሞሉት። ስልኩ ግን ቁጥሩን በፈረንጅ ነው የሚያነበው፤ ለሱ ዛሬ ከሰባት ዓመት ከምናምን በፊት ያለ የፌብሩዋሪ ቀን ነው፣ የኛ ሰርተፊኬት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ፣ ከወደፊት የመጣ ደብዳቤ ነው። ከወደፊት የመጣ ደብዳቤ ይዞ የቆመ እልፍኝ አስከልካይን ማን ያምናል? ድሮ ለምን ይሠራ እንደነበርም ያኔ ገባኝ። በ«አታረጋግጥ» ጊዜ ስልኩ ደብዳቤውን አያይም፣ ስለዚህ ቀኑንም አያይም። አፑን ስንጭን የድሮውን ኔትወርክ አስጠፋኋቸው፣ በአዲሱ መንገድ ስልኩ ማረጋገጥ ጀመረ፣ ቀረ። ያንተ አፕ ነው ያበላሸው ያሉት እንደ ቃላቸው ነው።

«ሌላው ነገር እንዴት ይሠራልዎታል ጋሼ? ዋትስአፕ አይጮህብዎትም ቀኑ ተሳስቷል ብሎ?»

«ዋትስአፕ አልጠቀምም። ቴሌግራም አለኝ። አፕህንም በቴሌግራም አይደል የላክህልኝ?»

እውነት ነው፣ በግሩፕ ነው የላክሁት።

ከዚያ ጉጉት ያዘኝና ወሩ ሲያልቅ እንዴት እንደሚያደርጉ ጠየቅኋቸው። ፌብሩዋሪ 28 ቀን ነዋ ያለው! ጥቅምት 30። «ሃያ ዘጠኝና ሠላሳ ላይ እምቢ ይላል» አሉኝ በቁም ነገር፣ «ሁለት ቀን እታገሠዋለሁ። ከዚያ ኅዳር ሲብት አስተካክለዋለሁ።» ጳጉሜንስ? «ጳጉሜንን ስልኬን አላይም።» እዚህ ላይ ሁለታችንም ሳቅን፤ ቢሮ ውስጥ የነበረችው ልጅ ደግሞ ከወንበሯ ልትወድቅ ደረሰች።

ያቺ ማክሰኞም ተፈታችልኝ። አምስቱ ሰዎች ዓመተ ምሕረቱን አልነኩም፣ ሰዓቱን ብቻ ነው በኛ ያደረጉት። ስልካቸው በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ይኖራል። ሰርተፊኬቱ 4 ሰዓት ላይ ታተመ፤ ለነሱ ስልክ ያ ሰዓት የሚደርሰው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። እኔ ሰርቨሩን 10 ሰዓት ላይ አስነሣሁት። ብተኛም ኖሮ ይሠራላቸው ነበር። ለአለቃዬ እስካሁን አልነገርሁትም፤ ይሄን ካነበበ እንግዲህ ያው።

መፍትሔው ላይ ግን ተከራከርን። እኔ «ቀኑን በራሱ እንዲሞላ እናድርገው» አልሁ። ጋሼ እምቢ። ስልኩን ሲያዩ 9 ሰዓት ላይ «3» የሚል ነገር ማየት አይፈልጉም፤ የመድኃኒት ሰዓታቸውም በሱ ነው። አልፈረድሁባቸውም። ስልክን ሠርተው የሸጡልን ሰዎች የኛን ሰዓት አልጠየቁን፣ እኛስ ለምን በየቀኑ ስድስት ስንደምርና ስንቀንስ እንኖራለን?

ትንሽ አሰብሁና አንድ ነገር መጣልኝ። ስልክ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ እውነተኛው ጊዜና የሚታየው ሰዓት። ሰርተፊኬት የሚለካው በእውነተኛው ጊዜ ነው። የሚታየው ሰዓት የሚወሰነው በሰዓት ቀጠና ነው። እኛ ከግሪንዊች 3 ሰዓት ወደ ፊት ነን። በኛ አቆጣጠር እንዲታይ 6 መቀነስ አለበት፣ ስለዚህ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ያለ አገር ከተገኘ ስልኩ ሳይዋሽ የኛን ሰዓት ያሳያል ማለት ነው። አርጀንቲና! ቦነስ አይረስ ልክ እዚያ ላይ ናት፣ በየወቅቱ ሰዓት የመቀያየር ነገርም የላትም።

አደረግሁት። ቀንና ሰዓትን በራሱ እንዲሞላ ከፈትሁ፣ የሰዓት ቀጠናውን በራሱ የሚመርጠውን ግን ዘግቼ አርጀንቲና፣ ቦነስ አይረስ ብዬ መረጥሁ። ስክሪኑ ላይ 4:40 መጣ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓትም 4 ሰዓት ከ40። ከዚያ ዋይፋዩን ነካሁት።

ገባ። በመጀመሪያው ሙከራ።

ይበልጥ የወደዱት ግን ሌላውን ነው። በቦነስ አይረስ እኩለ ሌሊት ሲሆን እዚህ ንጋት 12 ሰዓት ነው። ስለዚህ ስልካቸው ላይ ቀኑ የሚቀየረው ሲነጋ ነው፣ እንደኛው አቆጣጠር። «እዩት እዩት፣ በሌሊት ቀን መቀየር ድሮም አይገባኝም» አሉ። ዓመተ ምሕረቱን ግን በዚህ ዘዴ ማታለል አይቻልም፤ እሱን በኢትዮጵያ ዘመን መቁጠሪያ አፕ ስክሪኑ ላይ በትልቁ አወጣሁላቸው፣ የፈረንጁን ቀን ሸፍኖ።

አፑ ላይም አንድ ነገር ጨመርሁ። አፑ የተሠራበትን ቀን ውስጡ ይዟል፤ የስልኩ ቀን ከዚያ የቀደመ ከሆነ ማንም አፕ ከመሠራቱ በፊት ሊጭነው አይችልምና፣ ፓስወርድ ሳይጠይቅ «የስልክዎ ቀን ወደ ኋላ ቀርቷል፣ መጀመሪያ እሱን ያስተካክሉ» ይላል፣ በአማርኛ። ስድስት ሰዓት ብቻ ወደ ኋላ ያለን ስልክ ይሄ አይዘውም። ለሱ ከእንግዲህ ሰርተፊኬት የማሳትመው ማታ ነው፣ እስኪነጋ ሁሉም ስልክ ይደርስበታል።

ጋሼ ሲወጡ በሩ ላይ ዞር አሉ።

«አሁን እኔ የት ነኝ ማለት ነው?»

«ስልክዎ አርጀንቲና ነው ጋሼ። እርስዎ ጎንደር ነዎት።»

«በዚህ ዕድሜዬ ለዋይፋይ ብዬ ተሰደድሁ በለኛ» ብለው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ከሒሳብ ክፍል ሦስት መምህራን መጡ። ፓስወርድ የጠየቀ የለም። «ያቺን የአርጀንቲናዋን ሥራልን» ነው የሚሉት።